ማዕበሉ እስኪያልፍ ሽማግሌ አትላክ

የመቅሊት ሥራ መቁጠር ነበር። ሲያትል ካለ አንድ የጥናት ተቋም ሆና፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስንት ሰው በኮቪድ እንደተያዘ፣ ከተከተበው መካከልም ማን ምን እንደተሰማው እዚያ ካሉ ባልደረቦቿ ጋር ትከታተላለች። አባቷ አቶ ወልደትንሳኤ ለሰው ሲያስተዋውቋት «ልጄ የሰው አገር ጉንፋን ትቆጥራለች» ይሉ ነበር።

በዛብህን ያገኘችው በ2021 ኤፕሪል ነው፤ ከሲያትል አጠገብ ኬንት ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ። የተከተቡትን ሰዎች አሥራ አምስት ደቂቃ አስቀምጣ የምትጠብቅ በጎ ፈቃደኛ ነበረች። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

«ምን ይሰማሃል?»

«ክንዴን ትንሽ ከብዶኛል።»

«ሌላስ?»

«ሌላውማ ከመርፌው በፊት የጀመረኝ ነው» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። «በር ላይ ሳይሽ።»

መቅሊት ሳቋን ማስኳ ውስጥ ደበቀች። አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ፤ በዛብህ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። አርባ ደቂቃ ሲሞላው በግድ አስነሣችው።

ክረምቱ ሳይገባ ተዋደዱ። በኖቬምበር መጨረሻ፣ እዚያው አካባቢ ፌደራል ዌይ ከተማ ምሳ እየበሉ ሳለ በዛብህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሶ... ለእኛ ገና ማግስት ሽማግሌ ልልክ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሱፋቸውን ሳይቀር አሳጥበዋል።»

መቅሊት የዚያን ቀን ጠዋት የጆሃንስበርግ አካባቢ የተያዦች ቁጥር በጥቂት ቀን ውስጥ እጥፍ ሲሆን አይታለች። የጨበጠችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«አሁን አይሆንም። አዲስ የኮቪድ ማዕበል እየመጣ ነው። እሱ እስኪያልፍ ሽማግሌ አትላክ። አባዬ ስኳር አለበት።»

«የት ነው የመጣው?»

«ደቡብ አፍሪካ።»

«ደቡብ አፍሪካ የት፣ ፌደራል ዌይ የት!»

ተኮራርፈው ተለያዩ። ጓደኛው እሴይ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ሴት ልጅ ማዕበል መጣ ካለች ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ሬድመንድ የሚሠራ የሶፍትዌር ሰው ይሆናል።»

በዛብህ አመነ፤ መደወሉንም ተወ። መቅሊትም ኩራት ያዛትና አልደወለችም። ስክሪኗ ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ስልኳ ግን ጭጭ።

ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኳ ጮኸ።

«መቅሊት... ማዕበሉ ደርሷል።»

«የት?»

«ጋሽ ወንዳፍራሽ አፍንጫ ላይ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ ብላ መለሰችው። «ተከትበዋል?»

«ሦስቴ።»

«ሙቅ ነገር ይጠጡ። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።»



«ሌላ ሰው ያለሽ መስሎኝ ነበር» አለ በዛብህ።

«አለኝ እንጂ! ስልሳ ሚሊዮን ደቡብ አፍሪካዊ አለኝ!» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «አንተ ግን አንድ ነህ። ሰው እንዴት ስድስት ሳምንት ሙሉ ኮል አያደርግም?»

ታረቁ፤ ሽምግልናውም በቪዲዮ፣ በዙም ሆነ። አቶ ወልደትንሳኤ «ማስተርስ ያላትን ልጅ ለሾፌር? በቀላሉማ አልለቃትም» ብለው ከረባታቸውን አስረው ተቀመጡ። መቅሊት ጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በየቤታቸው ሆነው ታዩ። ወጉ ነውና እሺታ ሳያገኙ አይቀመጡም። ቆመው ስለነበር ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁለት ቀበቶና አንድ የፒጃማ ገመድ ነው። ፒጃማው የጋሽ ወንዳፍራሽ ነበር።

አቶ ወልደትንሳኤ ከሆድ ጋር መነጋገሩ ሰለቻቸው። «ኧረ እባካችሁ ተቀመጡ፣ ፊታችሁን ልይ!»

ሦስት ፊት ባንድ ጊዜ ዱብ አለ።

«ተቀመጡ ብለውናል!» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ በሳል መሃል። «ተፈቀደልን!»

«እኔ እኮ...»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አቶ ወልደትንሳኤ!»

የመቅሊት እናት ወይዘሮ ኣስካለ እልልታውን አቀለጡት። ካሜራው ከተዘጋ አንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥም «ተመስገን!» የሚል የለቅሶ ድምፅ ወጣ።

«ማነው እሱ?»

«ዙሙን የከፈተልን የቴክኒክ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«የቴክኒክ ሰው ለምን ያለቅሳል?»

አቶ ወልደትንሳኤ ሊቆጡ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ሳቁ ግን ቀደማቸው። «በል ካሜራህን ክፈት፣ አንተ ቴክኒክ!»

በዛብህ ፓርክ ባደረገው መኪናው ውስጥ፣ ሙሉ ሱፉን ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ታየ። መቅሊት ከጓዳ ወጥታ ከአባቷ ትከሻ ጀርባ ቆመች። ተያዩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ እንኳ ሳላቸውን ዋጡ።

«ምን ትተያያላችሁ? ተናገሩ እንጂ!» አሉ አባትየው።

መቅሊት ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«በልተሃል?» አለችው።