የምርቃት ማንጎ

«አንቺ፣ ራስሽ ነሽ የጨመርሽበት!» አለች መርዋ፣ እነገነት ግቢ ካለው የኮክ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ ወጥመድ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ እያየች።

ገነት ወገቧን ያዘች። «እኔ? ዝንብ ሳሳድድ ልዋል? ሥራ የፈታሁ መሰልኩሽ?»

«ባሕር ዳርን ለማየት ያሰፈሰፈ ሰው ምን የማያደርገው አለ?»

ወጥመዱ ውስጥ ተርብ የሚመስሉ፣ ጀርባቸው ላይ ቢጫ ምልክት ያለባቸው ዝንቦች ተጣብቀዋል። ባለሙያው አቶ ቀለመወርቅ በፎቶ ያሳዩዋቸው፣ ራሳቸው ናቸው። እዚህ ግን መገኘት አልነበረባቸውም።

አቶ ቀለመወርቅ ተባይ የሚያጠኑ ሰው ናቸው። መጋቢት ላይ ወደ እነመርዋ ከተማ፣ ወደ አርብ ገበያ መጥተው ለትምህርት ቤቱ ሳይንስ ክበብ አንድ ካርታ ዘርግተው ነበር። ዝንቡ ያለበት የበሽሎ በረሃ ቀይ፣ ገና ያልደረሰበት የእነመርዋ ከተማ አረንጓዴ። ከውጭ አገር የገባው የፍራፍሬ ዝንብ ሙቀት ይወዳል፤ አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ እዚህ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል ብለው ተነበዩ። «እናንተ ወልዳችሁ ስትስሙ» ነበር ያሉት። ለማንኛውም ብለው በየግቢው ወጥመድ ሰቀሉ። በደንብ ተከታትሎ ዝንቡን ላገኘም ባሕር ዳርን አስጎበኛለሁ አሉ።

ይኸው መርዋ ወልዳ ሳትስም፣ ኧረ ዘጠነኛ ክፍልንም ሳትጨርስ፣ ዝንቡ ከች ብሏል። ነገሩ አልጣማትም። ወይ ካርታው ተሳስቷል፣ ወይ ገነት ዋሽታለች። ገነትን መጠርጠር ደግሞ በጣም ይቀላል። ባለፈው ሰሚስተር የቤት ሥራዬን ፍየል በላብኝ ያለች ልጅ ናት።

መርዋ አንድ ኮክ ቀጠፈችና ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ በነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። አንዱ ትል ተጠቀለለና ተስፈንጥሮ እጅጌዋ ላይ ዐረፈ።

«ወይኔ ጉዴ!»

«እሱንስ እኔ ነኝ ያስገባሁት?» አለች ገነት። «በመርፌ?»

ጩኸቱን ሰምተው የገነት እናት ወይዘሮ ቦጋለች ከጓሮ ብቅ አሉ፤ የልጣጭ ሳህን ይዘዋል። «ተይው ልጄ፣ ዘንድሮ ኮኩ ሁሉ እንዲህ ነው። ሳይበስል ይረግፋል። የሰው ዐይን ነው የበላው» አሉና ሳህኑን ከዛፉ ሥር ገለበጡት። የማንጎ ልጣጭ፣ የማንጎ ፍሬ፣ ግማሹ የበሰበሰ ማንጎ። ከሥሩ የባለፈው ሳምንት፣ ከዚያም ሥር የከረመው ተከምሯል። መርዋ ጎንበስ ብላ የበሰበሰውን በእንጨት ፈለቀቀችው። ያው ትል!

«እትዬ ቦጋለች፣ ማንጎውን ከየት አመጡት?»

«ውይ፣ ከአባትሽ ነዋ! ገዝቼ ልሄድ ስል፣ የለሰለሰውን ‹ለልጆች› ብለው ይመርቁልኛል። እንደ ሙሂዲን እጀ ሰፊ የት ይገኛል!»

መርዋ እንጨቱን ጥላ ተነሣች።

«ምነው?» አለች ገነት።

«ምንም።»

ግን ነገር ነበር። አርብ ገበያ ላይ ምርቃት የማይጨምር ነጋዴ በሳምንቱ መደቡ ላይ ብቻውን ያዛጋል። አባቷ ከበሽሎ በረሃ ከሚያስመጡት ማንጎ ደህናውን ከሸጡ በኋላ ከጎን ከተከመረው፣ ከለሰለሰው፣ ለሁሉም ጣል ያደርጋሉ። ያ ሁሉ ገበያተኛ በአህያም በእግርም ወደየመንደሩ ይበተናል። ትሉም አብሮ ይሸኛል። ዝንቡ መብረር እንኳ አላስፈለገውም። ሲደርስ የሚገድለው ብርድ ቢጠብቀው ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ብርዱም እንደ ድሮው አይደለም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ለነገው ገበያ ማንጎ እየለዩ ነበር፤ ጠንካራውን ለብቻ፣ የለሰለሰውን ለብቻ።

«አባዬ፣ የለሰለሰውን ለሰው አይመርቁ።»

«ምን አልሽ?»

«ትል አለበት። የእነገነትን ኮክ የጨረሰው እሱ ነው።»

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ማን ነው የላከሽ? ያ ባለካርታው?»

«ማንም አልላከኝም። በዐይኔ አየሁ።»

«ፍራፍሬ ላይ ትል ማየት ብርቅ ሆነብሽ?» አሉ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ መርዋ። ተባዩን ያመጣው ሙሂዲን ነው የተባለ ዕለት ይህ መደብ ተዘጋ ማለት ነው። ያኔ ምን ልንበላ ነው? እሱን በካርታው ያሳይሽ።»

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። አቶ ቀለመወርቅ ናቸው።

«መርዋ፣ ገነት የላከችውን ፎቶ አየሁት። እዚያ ደጋ ላይ ሊሆን አይችልም። ከቆላ አምጥታችሁ ጨምራችሁበት ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣም። ከጥናቱ አወጣዋለሁ፣ በቃ።»

«አዎ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ብቻ። አባቷን ዞር ብሎ የሚያይ አይኖርም። ገነት ግን ውሸታም ተብላ ትቀራለች፤ ጠዋት መርዋ ራሷ እንዳለቻት። ካርታውም አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ የሚጠነቀቅም አይኖርም። ለከርሞ ደግሞ የየት አገር ዛፍ ይሆን የሚረግፈው? የሲማዳ? የንፋስ መውጫ?

«ሄሎ? መርዋ፣ ትሰሚኛለሽ?»

አባቷ የያዙትን ማንጎ እንደጨበጡ አፍጥጠው ያዩዋታል። ማን እንደደወለ ገብቷቸዋል። ወጣ ብላ ማውራት ትችል ነበር፤ በሩ ገርበብ ያለ ነው። መርዋ ግን አባቷ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ስልኩን መሀላቸው አስቀምጣ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

«ጋሽ ቀለመወርቅ፣ ገነት አልዋሸችም። ዝንቡ በየት በኩል እንደመጣ ዐውቄያለሁ፤ ነገ ገበያ ነው፣ ይምጡና ላሳይዎ» አለች። ስልኩን ወደ አባቷ ገፋ አደረገችው። «አሁን ግን መጀመሪያ አባቴን ያነጋግሩልኝ፤ መደባቸው እንዳይዘጋ ፈርተዋል። እዚሁ ናቸው፣ እየሰሙዎት ነው።»