ቁንጫ ሰፈርን የጠራ የለም

ትርሲት ጠዋት ጠዋት የሟች ሰፈሮችን ዝርዝር አንብባ ትፈርማለች። የሰፈር ስም የሚያወጣውና የሚሽረው ሰያሚ የተባለው ማሽን ነው፤ በየመንገዱ በተተከሉ ጆሮዎች ሕዝቡን ይሰማል። አርባ ቀን ማንም ያልጠራውን ስም ከካርታው ይፍቃል። ውሃውም መብራቱም አምቡላንሱም የሚሄደው በስም ስለሆነ፣ ስም የሌለው ሰፈር ምንም አይደርሰውም። ደግነቱ የሚፋቀው ሰው የለቀቀው ቦታ ነው።

ዛሬ ግን ዝርዝሩ ላይ ቁንጫ ሰፈር አለ።

«በስመአብ! ጋሽ ንጋቱ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል። አራት ሺህ ሰው አለበት እኮ!»

አለቃዋ ጋሽ ንጋቱ የሰፈሩን ጆሮዎች ፈተሹ። ደህና ናቸው። የተቀዳውን ድምፅ ከፈቱት። ባለታክሲው «ወዴት ነሽ?» ሲል ሴትዮዋ «አዲስ ብርሃን» ትላለች። ተማሪውም፣ ባለሱቁም «አዲስ ብርሃን»። ያ ጎረቤት ያለው የሀብታም ሰፈር ነው። በቁንጫ ስም መጠራት ማን ይወዳል?

ትርሲት እዚያው ቁንጫ ሰፈር ያሉት እናቷ ጋ ደወለች። ወይዘሮ ዘርፌ አልጋ ላይ ናቸው፤ የሚተነፍሱት በመብራት በሚሠራ ማሽን ነው። ስሙ ተፍቆ መብራቱ ሊቆረጥ አሥር ደቂቃ ቀርቷል።

«እማዬ፣ ጎረቤትሽ እታለማሁ ደጅ ወጥታ የሰፈሩን ስም ትጥራ! አንዴ ብቻ!»

«ዛሬ? ልጇን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በሰው ፊት ቁንጫ ሰፈር እያለች ትጩህ? ኧረ ተይ ልጄ!»

ትርሲት ስልኩን ሳትዘጋ ወደ አለቃዋ ዞረች። «በእጅ ያስቁሙልኝ!»

«በምን እጅ? የአንቺ ፊርማ እንደሆነ ለወጉ ነው። ሰው ከነካው ጉቦ ይገባበታል ተብሎ ቁልፉ ከተነቀለ ስንት ዓመቱ! የሰፈሩ ተወላጅ ማሽኑ ፊት ቆሞ ከመሰከረ ብቻ ነው የሚተወው። እሱንም አንዴ ነው የሚጠይቀው። ተወላጅ ደግሞ ከየት እናመጣለን?»

አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲሠሩ የት እንደተወለደች ነግራቸው አታውቅም። በዚህ ሰዓት እንኳ ሀፍረቱ ፊቷን አቃጠላት።

«እኔ ነኝ» አለችና ማሽኑ ፊት ቆመች።

ጋሽ ንጋቱ አፍጥጠው አዩዋት። ሰያሚ በለስላሳ ድምፅ ጠየቀ፦ «የትውልድ ሰፈርሽ ማን ይባላል?»

ከልጅነቷ ጀምሮ ሺህ ጊዜ የተጠየቀችው ነገር ነው። አፏ ቀደማት።

«አዲስ ብርሃን።»

«ተመዝግቧል።»

«አይደለም! ቁንጫ ሰፈር ነው! ቁንጫ ሰፈር!» እያለች ማሽኑን በጡጫ ደበደበችው። ሰያሚ ግን ጥያቄውን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ስም አልፏል።

ከስልኩ የእናቷ ድምፅ ተሰማ፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ልጄ፣ ምን ያስጮህሻል? መብራት ነው የሄደው። አይዞሽ... አሁን ይመጣል።»