ለፈቃዴ የጎደለኝ አራት ሰዓት

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በሕልሜም አይደለም። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም... ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ነሐሴ ወር፣ ሐሙስ ቀን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቴክሳስ ውስጥ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳን ከጥላ አይወጣም። ስለዚህ ጨለማ ነው፣ ዓይኔ ተሳስቶ ነው የምልበት ሰበብ የለኝም።

ቬልማ ህሩስካ እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሃርላን ክሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ ደንብ አስከባሪ ነኝ። ሣሩ የረዘመበትን ግቢ፣ ጎማ የሌለው መኪና የቆመበትን ደጅ፣ ሊወድቅ የደረሰውን ቤት እየዞርኩ አያለሁ። ማስጠንቀቂያ እለጥፋለሁ። ሰዉ "የሣር ፖሊሷ መጣች" ይለኛል። ለምጄዋለሁ።

የሥራ ፈቃዳችን በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ለማሳደስ የተወሰነ ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ግድ ነው። እኔ አራት ሰዓት ጎድሎኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት አለቃዬ ዳሬል ጠረጴዛዬን ተደግፎ ቆመ።

"ቬልማ፣ ፈቃድሽ ቅዳሜ ያበቃል።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ፣ ግን አትሄጂም። ያለ ፈቃድ የመኪና ቁልፍ የለም። ቢሮ ቁጭ ብለሽ ስልክ ታነሺያለሽ።"

"ዛሬ እሄዳለሁ አልኩህ እኮ።"

ለምን እስከዚያ ቀን እንደጎተትኩት አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም አልመልስለትም ነበር።

ሥልጠናው በአጎራባች ከተማ፣ በእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ነበርን። አሠልጣኛችን ሚስተር ሃስኬት ጡረታ የወጡ ደንብ አስከባሪ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፣ ለመስማት ጎንበስ ማለት አለብህ።

አጠገቤ ኦቲስ ቲቦዶ የሚባል ቦርጫም ሰውዬ ተቀመጠ። ከወንዝ ማዶ ካለው ወረዳ ነው የመጣው።

"እቱ፣ አንቺም የመጨረሻ ቀን ሰው ነሽ?"

"ቅዳሜ ያበቃል።"

"የኔ ነገ ነው። በልጠሽኛል።"

ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ከምሳ በኋላ ሚስተር ሃስኬት ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

"የቀረው በተግባር ነው። አንድ ቤት እናያለን።"

ሚኒባስ ውስጥ ገባን። መንገዱን አላየሁም፣ ስልኬን እያየሁ ነበር። ቀና ስል ሃርላን ክሪክ ውስጥ ነን።

ፒካን መንገድ ገባን...

414 ቁጥር ፊት ለፊት ቆምን።

ቤቱ ሰኞ እንደሚፈርስ አውቅ ነበር። ለሥልጠና እንደተሰጠ ግን የነገረኝ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ቤት "ሰው የለበትም" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ውስጥ ገብተሽ እዪ ይላል። አልገባሁም። ያን ቀንም ፈቃዴ ሊያበቃ ሦስት ቀን ቀርቶት፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ሥልጠና እየወሰድኩ ነበር። ቪዲዮው ካቆመ ሰዓቱ አይቆጠርም።

ከቤቱ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።

ሦስት ጊዜ... ከዚያ ዝም... ከዚያ ሦስት ጊዜ።

ድምፁን ጨመርኩት። የስልኩን።

ቪዲዮው ሲያልቅ ወርጄ በሩ ላይ ወረቀቱን ለጠፍኩ። በማግስቱ ሠራተኞች መጥተው በሩንና መስኮቱን በኮምፔንሳቶ መቱት፣ በቪቴ አጠበቁት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ጎረቤት ሸተተኝ ብሎ ደወለ። ሚስተር ኤመት ሴይልስ ውስጥ ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው። መቼ እንደሞቱ ማወቅ አልተቻለም ተባለ። ከመታሸጉ በፊት ሳይሆን አይቀርም ብለው መዝገቡን ዘጉት።

እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማኝም። እህቴ ስትሞትም አላለቀስኩም።

"ወለሉ ደካማ ነው" አሉ ሚስተር ሃስኬት። "አንድ በአንድ ትገባላችሁ። ቅጹን ሞልታችሁ ትወጣላችሁ።"

የፊቱ በር ተከፍቷል። መጀመሪያ ኦቲስ ገባ።

ዘጠኝ ደቂቃ ቆየ። ሲወጣ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ መጣ።

"ጎበዝ ናቸው ሰውዬው" አለ።

"የቱ ሰውዬ?"

"የኋላ ክፍል ያሉት ሽማግሌ። አሠልጣኙ ያስቀመጧቸው፣ ለፈተና።"

"ምን አሉህ?"

"ውሃ ጠየቁኝ። ከኪሴ ጠርሙስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በዚህ ሙቀት እዚያ ማስቀመጥ ግን ግፍ ነው።"

ሚስተር ሃስኬት ጋ ሄድኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"ውስጥ ሰው አስቀምጠዋል?"

"ኧረ የምን ሰው? ባዶ ነው።" ከፋይላቸው አንድ ወረቀት አወጡ። "አንቺው ራስሽ አይደለሽ የፈረምሽው? እንዲያውም ለክፍሉ በምሳሌነት ላሳየው ነበር። አጻጻፍሽ ንጹሕ ነው።"

ፊርማዬን አየሁት። አዎ፣ የእኔ ነው።

ሌሎቹ ገብተው ወጡ። አንዳቸውም ሽማግሌ አየሁ አላሉም። እኔ መጨረሻ ሆንኩ።

ገባሁ።

ውስጡ ይሞቃል። አቧራ ይሸታል። ቅጹን እየሞላሁ ሄድኩ፤ ጣሪያ፣ የተቀደደ። ወለል፣ የበሰበሰ። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተጋለጠ።

ሳሎን። መስኮት፣ የታሸገ።

ጠጋ አልኩ።

ኮምፔንሳቶው በውስጥ በኩል ተፍቋል። የቪቴዎቹ ጫፍ የወጣበት ቦታ ሁሉ ዙሪያውን ተጭሯል፣ በቀጭኑ፣ በትዕግሥት። ከሥሩ ወለሉ ላይ ማንኪያ ወድቋል። ጫፉ ተበልቷል።

ቅጹ ላይ "የመስኮት ጉዳት፣ በውስጥ በኩል" ብዬ ጻፍኩ።

ሌላ ምን ልጻፍ?

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የኋላው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ ወንበር ይታየኛል። ባዶ ወንበር። አጠገቡ የኦቲስ የውሃ ጠርሙስ።

ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ የለም።

ቅጹ ላይ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። *በቤቱ ውስጥ ሰው፦ አለ / የለም።*

እዚያው ቆምኩ። በሙያዬ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፣ የሰው ደጅ ስቆም የምለው አንድ ነገር አለ። እዚህ ቤት ብዬው አላውቅም።

በሹክሹክታ አልኩት።

"ቤቶች... ሰው አለ?"



ከዚያ ከባዶው ወንበር በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ድምፅ...

"አለ።"

አልሮጥኩም። ብትጠይቁኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ሚስተር ሴይልስ?"

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም።"

"ጨርሺ። እጠብቅሻለሁ።"

"አለ" የሚለውን ከበብኩት። ወጣሁ።

ሚስተር ሃስኬት ቅጹን አዩት፣ በቀይ ሰረዙበት።

"አንድ ተሳስተሻል። ምንም አይደል፣ አልፈሻል።"

ኦቲስ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። የእሱም ቅጽ እዚያው ጥያቄ ላይ በቀይ ተሰርዟል። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ ጆሮዬ ሥር መጣ።

"እቱ... ያ ሰውዬ ማን ነው?"

"የቤቱ ባለቤት።"

ሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ርቆ ተቀመጠ።

በማግስቱ ዳሬል ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

"ያን ቀን አልገባሁም" አልኩት።

"የት?"

"414። ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር። ስልክ እያየሁ ነበር።"

ዳሬል ቁልፎቹን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

"ቬልማ፣ ሰውዬው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው።"

"አውቃለሁ።"

"ዘመድ የላቸውም። ቤቱ ሰኞ ይፈርሳል። ፈቃድሽም ታድሷል፣ ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እሺ?"

"እኔ ግን ነግሬሃለሁ።"

"ውጪ።"

ሁሉንም ጻፍኩት፣ ስሜንና ቀኑን አኖርኩበት፣ ለከተማው ጸሐፊ ሰጠኋት። ማህተም መታችበት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን የጠራኝ የለም።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፒካን መንገድ ቆሜ ነበር። ቤት ሲፈርስ ደንብ አስከባሪ ተገኝቶ መፈረም አለበት። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።

እስካቫተሩን የሚነዳው ሩፊኖ ነው። ብዙ ቤት አብረን አፍርሰናል። ሞተሩን አስነሳ፣ የማሽኑን ክንድ ከፍ አደረገ...

አቆመው።

ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ወደ በረንዳው ሄዶ ኮፍያውን አወለቀ። ከበሩ ጋር ያወራል። ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይሰማል።

ከዚያ የራሱን ክንድ አጠፍ አድርጎ ዘረጋ። ሽማግሌ ሲደግፉ እንደሚደረገው።

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ። በየደረጃው ይቆማል፣ ይጠብቃል። ጎኑ ላይ ማንም የለም። ግቢውን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። ያችን አጭር መንገድ ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ፈጀበት።

በቀኜ ያለውን የተሳፋሪውን በር ከፈተ። ጠበቀ። ዘጋው። በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"እንዴት ሳታዪያቸው ቀረሽ ቬልማ?" ድምፁ ቁጣ አለበት። "ሰው ውስጥ እያለ ልናፈርስ ነበር እኮ።"

"ምን አሉህ?"

"ከእሷ ጋር ነው የምሄደው አሉ።"

ሄደ። እስካቫተሩ ላይ ወጣ። ከቤቱ በኩል ጣውላው ሲሰበር ሰማሁ።

ወደ ቀኜ አልዞርኩም። ፊት ለፊት እያየሁ የመኪናውን ቁልፍ አዞርኩ።

ጢ... ጢ... ጢ...

ሰሌዳው ላይ ቀይ መብራት በራ። የተሳፋሪው ቀበቶ አልታሰረም ይላል።

እጄን ዘርግቼ ቀበቶውን ሳብኩት። አሰርኩት። መብራቱ ጠፋ።

ያኔ ዞሬ አየሁ።

ወንበሩ ባዶ ነው... ቀበቶው ግን ወንበሩን አልነካም። ደረት ላይ እንዳረፈ ሁሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተወጥሯል፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል።