ያልተቀላቀለው ውሃ

ደበላ በአፍጢሙ ወድቋል። ማጅራቱ ላይ ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል። አጠገቡ፣ ሲነኩት በሚወላገድ ጠረጴዛ ላይ፣ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ተቀምጧል፤ ውሃው ከላይ ጥርት ያለ፣ ከታች ሰማያዊ ነው፤ መሐሉ በክር የተሰመረ ይመስላል።

ሳጅን ቀጀላ ምንም አልተሰማውም። ከእሱ በኋላ የተቀጠሩት ኮማንደር ተብለው ቢሮ ሲያሞቁ፣ እሱ የቃሊቲን ሬሳ ሲያነሳ ኖሯል።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ሰቦቃ፣ የሟቹ የድሮ የመርከብ ባልደረባ። «እዚህ ቤት ስገባ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። አዳልጦት ይኼ ጠረጴዛ መቶታል።»

«ይኼ ውሃስ ምንድነው፣ አቶ ሰቦቃ?»

«ከታች የጨው ውሃ ነዋ! የጃጀ ሰው ጨዋታ።»

አከራይዋ ወይዘሮ ሳፊያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እኔማ ትናንት ሽሮፕ መስሎኝ ‹ልትደግስ ነው እንዴ?› ብዬ ሳቅሁበት። ‹ባህር ሆዱ ውስጥ ማዕበል አለው፤ ነገ ፈለቀችን አሳያታለሁ፤ ስሜ ይነጻል› አለኝ።»

ፈለቀች የሰቦቃ ሚስት ናት። ከበሩ አላለፈችም።

«ደበላ እኮ የፊተኛውን ባሌን፣ ፍቅሩን፣ የገደለ ሰው ነው» አለች። «ስሪላንካ ወደብ ላይ የመርከቡን ማሰሪያ ገመድ ለቆ፣ መርከቡ ከግንቡ ጋር አጣበቀው። ነፋስ የለ፣ ማዕበል የለ፤ መርከብ በራሱ ይሄዳል?»

«ሲለቅ ማን አየ?»

«ሰቦቃ።»

ቀጀላ ወጥቶ ባህር ለተማረ አንድ ሰው ስልክ ደወለ። ሲመለስ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆማቸውና የመስታወቱን ጫፍ በቀስታ ከፍ አድርጎ መለሰው። ላዩ እምብዛም አልተነቃነቀም። ሰማያዊው ግን እንደ ጉብታ አብጦ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ጀመር።

«ጨረቃ ባህሩን ከፍ ዝቅ ስታደርገው፣ ጥልቁ ውስጥ ካለ ተራራ ጋር ይጋጫል» አለ። «ከታች ባለው ከባድ ውሃና ከላይ ባለው ቀላል ውሃ መሐል ማዕበል ይነሳል። ላዩ ዝም ያለ ይመስላል። ያ ማዕበል ለቀናት ተጉዞ ዳር ሲደርስ፣ የወደቡን ውሃ እንደ ገበቴ ውሃ ያወዛውዘዋል። ነፋስ ሳይኖር መርከብ ገመዱን ይበጥሳል፣ ወይዘሮ ፈለቀች። ማንም መልቀቅ አያስፈልገውም።»

ሰቦቃ ሳቅ አለ። «እሺ፣ ታዲያ?»

«ሰው ይህን ወላጋዳ ጠረጴዛ በጭንቅላቱ ቢመታው ኖሮ፣ ውሃው ዛሬ ተደባልቆ አንድ መልክ ይዞ ነበር። ደበላ አልወደቀበትም፤ ተመታ። ደግሞ ጨው በዓይን አይታይም። ወይዘሮ ሳፊያ ሽሮፕ ነው አሉ። እኔ የእስክሪቢቶ ቀፎ ከስር ነክሬ ቀምሼ ነው ያወቅሁት። ከዛሬ በፊት እዚህ ቤት ካልገባህ፣ አንተ በምን አወቅህ?»

«አንተ» መባሉ ሰቦቃን ከሁሉም በላይ የቆረጠው መሰለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ትናንት ማታ ላናግረው መጣሁ፤ አሳየኝ» አለ። «ለእሷ አታሳያት ብዬ ለመንኩት። የምስክርነት ቃሌን አምና ነው ያገባችኝ። ካየች ትሄዳለች አልኩት። ‹ትሂድ› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ፈለቀች ለመጀመሪያ ጊዜ ሬሳውን አየች።

«ሳሪስ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኝ ነበር» አለች። «እተፋበት ነበር።»

 ወደ ጠረጴዛው ይበልጥ ቀረበች።

«እስቲ ድገመው፣ ሳጅን።»

ቀጀላ የመስታወቱን ጫፍ ዳግመኛ አነሳ። ሰማያዊው አብጦ ሄደ፤ ተመለሰ። ላዩ ዝም እንዳለ ነበር፤ የእሷም ፊት።