የከንቲባዋ ባል ጸጉር ቤት

ቧንቧ ሠራተኛው ጸጉሩ ግማሽ እንደተቆረጠ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኧረ ቁጭ በል፣ ልጨርስልህ» አለ ጸጉር ቆራጩ፣ ማሽኑን እንደያዘ።

«ለሚስትህ አንድ ቃል ንገርልኝ አልኩህ። ቤቴ ከነገ ወዲያ ይፈርሳል። አንተ ግን ‹እኔ ጸጉር ነው የምቆርጠው› ትለኛለህ። እንግዲያው ሌላ ሰው ይቁረጠኝ።» ጨርቁን ከአንገቱ ገፎ ወንበሩ ላይ ጣለና ወጣ።

ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ የነበረችው የጸጉር ቆራጩ ልጅ እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ቀረ። ሰውየው የልብ ጓደኛዋ አባት ነው። እናቷ ከንቲባ ሆና ከተመረጠች ወዲህ የአባቷ ጸጉር ቤት ሌላ ቤት ሆኗል። ድሮ ደንበኛው ሹም እያማ፣ በኳስ እየተጨቃጨቀ ነበር የሚቆረጠው። አሁን ግማሹ ወሬው ከንቲባዋ ጆሮ እንዳይገባ ፈርቶ አፉን ለጉሞ ይቀመጣል፤ ግማሹ ጸጉሩን ሰበብ አድርጎ ሊለምን ይመጣል።

«አባዬ፣ ለምንድነው የማትነግራት?»

አባቷ ማሽኑን በብሩሽ ጠረገ። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ነግሬያታለሁ፤ ደጋግሜ። ጎርፍ የሚበላው ቦታ ነው፣ ሰው ሳያልቅ መነሣት አለባቸው አለች። ምትክ ቤት እስኪያገኙ እንኳ ታገሺ ብላት እምቢ አለችኝ።»

«ታዲያ እንደሱ አትለውም?»

«ለመንኳት፣ እምቢ አለች ብል፣ ባሏን እንኳ የማትሰማ ጨካኝ ይሏታል። እሺ ብላኝ ቢሆን ደግሞ፣ የመረጥነው ባሏን ነው እንዴ ይሉ ነበር። ፈሪ ነው ይበሉኝ። እግዜር ያውቀዋል፣ ይበቃኛል። አንቺም ካፍሽ እንዳይወጣ፣ የኔ ልጅ።»

በማግስቱ ክፍል ስትገባ ጓደኛዋን ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«አባቴ በዚያ ጸጉሩ ሲመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሙድ ያዘበት። ያንቺ አባት አንዲት ቃል ከበደችው አይደል?»

ከኋላ አንዱ ተቀበላት። «ቀዳማዊት እመቤት ሲባል ሰምተናል። የሷ አባት ታዲያ ምን ሊባል ነው? ቀዳማዊ ዝምታ?» ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ፈሪ ነው አባትሽ» አለች ጓደኛዋ፣ ሳትስቅ።

‹ለምኗታል እኮ› የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትናገረው አባቷ ነጻ ይወጣል፤ እስከ ማታ ደግሞ የእናቷ ስም በየቤቱ ይብጠለጠላል። ዋጠችው።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ ጓደኛዋን ተከተለቻት።

«ወዴት ነው?» አለቻት ጓደኛዋ፣ ዞር ሳትል።

«ዕቃ ልታወጡ አይደል?»

«ማን ጠራሽ? እናትሽ ብታይሽስ?»

«ትየኝ።»

ጓደኛዋ እርምጃዋን አላዘገየችላትም። ልጅቱ የዩኒፎርሟን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበች መንገዷን ቀጠለች።