ከሚሮጥ መኪና የዘለለው ሰውዬ

ፌንጣ ከደረጃው ላይ ዘሎ በትከሻው አረፈ፤ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለና ብድግ ብሎ እንደ ፊልም ጀግና ሸሚዙን አራገፈ። ክርኑ ተልጦ ይደማል፤ እሱ ግን ከቁብም አልቆጠረው።

«መጀመሪያ ትከሻ ነው አይደል?» አላት እህቱን።

እህቱ በሩ ስር ተቀምጣ የፊዚክስ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። መምህሩ «ከአክሽን ፊልም አንድ ትዕይንት ምረጡና ሊሆን እንደማይችል በስሌት አሳዩ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየው እሷን ነው። ፊልም አብሯት የሚያይ ሰው ፍዳውን ያያል፤ ትዕይንቱ ሳያልቅ «ይሄ ውሸት ነው» ትላለች። ይህን አመል ያጋባባት አባቷ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ፊልም ላይ በመኪና ሲሳደዱ ካየ አፉ አያርፍም። «ይሄ ሰውዬ ስንት ማርሽ ነው ያለው? ሃያ ጊዜ ቀየረ እኮ!» እያለ በሳቅ ይገድላቸው ነበር። ለትንሹ ልጁ፣ ሲዘል ስለሚውል፣ «ፌንጣ» የሚል ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ባለፈው ክረምት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገባና ሞተ።

ለስሌቱ የመረጠችው ጀግናው ገደል ከሚገባ መኪና የሚዘልበትን ትዕይንት ነው። ለምን እሱን እንደመረጠች ራሷም አታውቅም። ሰውየው መኪናውን ቢለቅ ፍጥነቱ አይለቀውም። በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ መኪና የዘለለ ሰው፣ ከስምንተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው መሬት በሚደርስበት ፍጥነት ነው አስፋልቱን የሚያገኘው። ደጋግማ ሠራችው፤ መልሱ ያው ነው።

«ምን ያዘልልሃል ጠዋት ማታ?» አለችው።

«እንደ አባዬ ልዘል ነዋ! ነገ ጎረቤታችን በባጃጅ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ኩርባው ጋ እሞክራለሁ።»

ክው አለች። ጥፋቱ የእሷ ነው። ያኔ ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ፌንጣን አክስታቸው ዘንድ ወስደውት ነበር። የመኪናውን መገልበጥ ከሰው አፍ ሰምቶ፣ ልታየው ስትሄድ «አባዬ ለምን አልዘለለም?» ብሎ ያዛት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው «ዘሏል፤ ተጎድቶ ሩቅ ሆስፒታል ነው ያለው» አለችው። ፊቱ ሲበራ አይታ ቃሏን መመለስ አቃታት። እናቷም ስትሰማ አልተቆጣቻትም። «ተይው፣ ትንሽ ጠንከር ይበል» አለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ በዚያው ጸና።

«ና እስቲ አጠገቤ» አለችው አሁን። «ከባጃጅ አትዘልም።»

«ለምን? ሰውዬው ዘሎ ተነስቷል እኮ።»

«ፊልም ነዋ! ሲቀርጹት መኪናው ያዘግማል፤ የሚወድቅበትም ቦታ ፍራሽ አለ። የእውነት ቢሆን አይነሳም።»

ፌንጣ አሰበና፣ «አባዬ ግን ተነስቷል» አለ።

እናታቸው ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ይሰማል። ልጅቷ ወደ ጓዳው አየች። አንድ ጊዜ «አዎ» ብትል ነገሩ ለዛሬ ባለፈ ነበር። ነገ ግን ኩርባው አለ።

«አልዘለለም» አለችው። «ዋሽቼህ ነው። አባዬ መኪናው ውስጥ ነበር። ሞቷል፣ ፌንጥዬ።»

ልጁ አላለቀሰም። ክርኑን እየነካካ፣ «አሞት ነበር?» አላት።

«ምንም አላመመውም» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ማንም ትልቅ ሰው እንዲያ ነበር የሚለው።

«አላውቅም» አለችው። «እኔም ሁልጊዜ ያንን ነው የማስበው።»

ይሄኔ ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። የዕቃው ድምፅ ቆመ። እናታቸው እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምን አልሽው?»

«እውነቱን።»

እናትየው ፌንጣን አየችው።

«ታዲያ የት ነው ያለው?» አለ ፌንጣ፣ ቀና ሳይል።

«ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መቃብሩ ጋ እወስድሃለሁ» አለች እህቱ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «እማዬ፣ አንቺም ነይ።»

እናትየው እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።