አልጋ ዘጠኝ ላይ ያስተኛኋት ሴት

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ከቻናሉ ይውጣ፤ የማንንም አመኔታ አልለምንም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሴቶች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ነበርኩ...

ሥራዬ የኮምፒውተር ሲስተም መገምገም ነው። ሆስፒታሉ ቤተሰብ ታማሚ አምጥቶ ጥሎ እየጠፋ ስላስቸገረው አዲስ ሲስተም አስገብቷል። ግቡ አንድ ነው፦ ማንም ታማሚ ያለ አስታማሚ እንዳይቀር። ከየፍራሹ ስር፣ የተኛውን ሰው ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አለ። እኔ የተላክሁት ሲስተሙ ግቡን መምታት አለመምታቱን አይቼ እንድናገር ነው።

ሠራተኞቹ ሊያዩኝ አልፈለጉም። ወንበር እንኳን የሰጠኝ የለም። ሲስተር የሚሏት የክፍሉ ኃላፊ ሰላምታዬን ሳትመልስ ፊቷን አጠቆረችብኝ፤ ስታናግረኝም እንደ ታናሽ ወንድሟ «አንተ» እያለች ነው። እኔም የሰው ፊት የሚያስደነግጠኝ ሰው አይደለሁም።

እኛ ገምጋሚዎች አንድ ልማድ አለን። ሲስተሙን ለመፈተን የሌለ ሰው እንመዘግባለን።

አንዲት ሴት ፈጠርኩ። ስም አወጣሁላትና ባዶው አልጋ ዘጠኝ ላይ አስተኛኋት። ሲስተሙ በትክክል የሚሠራ ከሆነ አልጋው ባዶ ነው ብሎ መመለስ አለበት። አስታማሚ ካልተሞላ አልመዘግብም ሲለኝ የራሴን ስልክና የቤቴን አድራሻ ሰጠሁት።

መዘገባት...

ትንሽ ቆይቶ ትንፋሿን አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ...

ሠራተኞቹ እያሾፉብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ማን እንደነካካው ሲስተርን አፋጠጥኳት። እዚያ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው እንደሌለ፣ ትንፋሹን የሚያነበው ከአልጋው እንደሆነ ነገረችኝ። የምታወራው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ሄጄ አየሁት። አልጋው ላይ ማንም የለም። አንሶላው እንደተወጠረ ነው። ትራሱ ግን መሃሉ ጎድጉዷል...

እጄን አሳረፍኩበት። ይሞቃል።

«የሌለ ሰው አስገባህብን» አለች ሲስተር ከኋላዬ።

«እሰርዛታለሁ።»

«አይሰርዝም። ወይ ትሞታለች፣ ወይ አስታማሚዋ ይረከባታል።»

«ሞታለች ብዬ እሞላዋለሁ።»

«ሐኪም ሬሳ ሳያይ አይፈርምም። ሬሳዋን አምጣ።»

ቤት ያለችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል፤ ከአልጋ የምትነሳው ግድግዳ ይዛ ነው። የሰጠሁት የቤቴ አድራሻ ትዝ አለኝ። ግን እልኸኛ ነኝ። አንድ ማሽንና አንዲት አኩራፊ ሴትዮ ተባብረው ሲያስፈራሩኝ ዝም አልልም፤ ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

«አትንካው» አለች ሲስተር፣ አሁን በሹክሹክታ። «እዚሁ ትቆይ... እኛ እንችላታለን።»

ጥላቻ የሌለበት ነገር ስትናገረኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ንቄያት «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ነካሁት።

የጎደጎደው ትራስ ቀስ... ብሎ ተነፋ።

ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሴቶች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሲስተርም ጥላኝ ወጣች።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ናት። ድምጿ በጣም ቀጥኗል።

«የላክሃት ሴትዮ መጣች...»

«አትክፈቺላት።»

«ከፍቼላታለሁ... ብርድ ይዟታል... ቀስ ብለህ አውራ፣ ተኝታለች።»

ተዘጋ።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። ያገኘሁት ታክሲ ላይ ዘልዬ መግባቴን ብቻ አስታውሳለሁ። መንገዱን ሙሉ ደጋግሜ ብደውል አታነሳም። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የውጪው በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ቤቱ የሆስፒታል ሽታ ይሸታል...

ባለቤቴ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋችን አጠገብ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። አልጋው ላይ ማንም የለም። ብርድ ልብሱ ግን ይተነፍሳል።

ጠራኋት። ዞር ብላ አየችኝ። ተኮራርፈን ሳምንት የማንነጋገርበት ጊዜ አለ፤ ይሄ ግን ኩርፊያ አይደለም። ከነጭራሹ አላወቀችኝም።

«እኔ ነኝ... ተነሺ፣ እንውጣ።»

«ጠያቂ ነህ?» አለችኝ። «የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል።»

ሲስተሙ ግቡን መቷል። ታማሚዋ አስታማሚ አግኝታለች፤ እኔ ግን ሚስቴን ከዚያ ወንበር ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ክንዷን ይዤ ብስባት አልነቃነቅ አለች።

ያኔ ነው ሌላኛውን እጇን ያየሁት። በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቿ አንድ የማይታይ ነገር ጨብጦ እንደያዛቸው ነጥተዋል... ከዚያ ለቀቃት።

ቀሚሷ ሆዷ ላይ በአምስት ጣት ልክ ወደ ውስጥ ገባ።